ጀርባ የሚያዳምጥ እግር

ሰማንያ ሦስት ኪሎ ትመዝናለች፤ የምትጠራው ግን ላባ ተብላ ነው። ስሙን ያወጣላት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ወገቡን ይዞ፣ በየደረጃው እያረፈ ወጥቶ በሩ ላይ ሲደርስ ከላይ እስከ ታች አያትና፣

«እህቴ፣ አንቺ ነሽ ላዬ ላይ የምትወጪው?» አላት።

«እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የለም።»

«እንግዲያው ቤተሰቤን ተሰናብቼ ልምጣ።»

አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሹፌሩ ጉንጩ ላይ የፍራሹ ስፌት ታትሞበት፣ ከረጅም እንቅልፍ እንደነቃ ሕፃን ዙሪያውን እያየ ተቀመጠና፣ «ይቺ ሴትዮ ላባ ናት እኮ» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያስታውሰው መታወቂያዋ ብቻ ሆነ።

ክፍሉ ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ ሱቅ በላይ ነው። ጠባብ ነው። አንድ ፍራሽ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የፕላስቲክ ሳህንና አንድ የውሃ ማሞቂያ ከያዘ በኋላ የሚተርፈው ቦታ ሰው ዞር የሚልበት ያህል ብቻ ነው። ከጣሪያው ሥር ሁለት የብረት ቧንቧዎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፤ እጅ እንዳያዳልጥ በብስክሌት የውስጥ ጎማ ተጠቅልለዋል። ደንበኛው በሆዱ ይተኛል፤ ጀርባው ላይ ነጭ አንሶላ ጣል ይደረግለታል። ላባ እግሯን በሞቀ ውሃ ትታጠብና፣ በፎጣ ታደርቅና፣ ቧንቧዎቹን ጨብጣ ጀርባው ላይ ትወጣለች።

ለሰው ሥራው የእግር ይመስለዋል። ሥራው ግን የክንድ ነው። ክብደቷን የያዙት ክንዶቿ ናቸው፤ ከላይ ተንጠልጥላ የፈለገችውን ያህል ብቻ ወደ ታች ትለቃለች። ይህን «ማውረድ» ይሉታል። ሩቡን ማውረድ አለ፤ ግማሹን ማውረድ አለ፤ ሙሉውን ማውረድ ግን በሬ ለሚያክል ሰው ካልሆነ አይሞከርም። ደንበኞቿም ቋንቋውን ለምደውታል።

«ዛሬ ስንቱን ነው የምታወርጂብኝ?» ይሏታል።

«እንደ ኃጢአትህ» ትላለች።

እግር ደግሞ የሚያዳምጥ ነው። ቆም ብሎ ላሰበው ሰው ይገርማል። ቀኑን ሙሉ ጫማ ውስጥ አፍነን የምናውለው፣ ሰው ቤት ስንገባ የምንሸማቀቅበት ያ አካል፣ ሰውየው ለሚስቱ እንኳ ያልነገራትን ድካም አንድ በአንድ ያነባል። ተረከዝ ወገብን ያነባል። የእግር ጎን የአከርካሪን ዳርና ዳር ያነባል። ከአውራ ጣት ሥር ያለው ወፍራም ሥጋ ደግሞ ሁሉንም ያነባል፤ የላባ ዓይን እሱ ነበር።

የረጋጭነቱን ሙያ ያስተማረቻት አንዲት ቀጭን አሮጊት ናት። አሮጊቷ ብርድ ልብስ አራት ጊዜ ታጥፍና ከሥሩ የሸሚዝ ቁልፍ ትደብቃለች፤ ተማሪዋ በባዶ እግሯ ቁልፉን መፈለግ አለባት። ማግኘቱ የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ነው። ሁለተኛው ዓመት ላይ ጥያቄው ይከብዳል፤ «ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው ባለ አራት?» ትላለች። ላባ በሃያ ሦስት ዓመቷ ዓይኗን ጨፍና ብርድ ልብሱ ላይ ቆማ «አራት» ያለች ቀን፣ አሮጊቷ ወጥታ ሁለተኛ ፍራሽ ገዝታ መጣች።

አሮጊቷ በዚህ ዓለም የምትፈራው አንድ ነገር ነበር። የረጋጭ ውስጥ እግር ሲደነድን «እግሯ ጫማ አጠለቀ» ይባላል፤ እንዲህ የተባለላት ሴት ሌላ ሥራ ትፈልጋለች። ስለዚህ በየጠዋቱ፣ ከቁርስ በፊት፣ ድንጋይ። ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ጥቁር ድንጋይ ነው። ሌላው ሰው ጥርሱን ሲፍቅ ረጋጮች ውስጥ እግራቸውን በዚያ ድንጋይ ይፈገፍጋሉ። ላባ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ጠዋት አላጓደለችም። አምሳን ስትሻገር ፊቷ ተጨማደደ፣ ጉልበቷ አረጀ፤ ውስጥ እግሯ ግን የሙሽራ ጉንጭ ነበር።

ከደንበኞቿ ሁሉ የቆየው ግንበኛው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በየረቡዑ ከሥራ መልስ መጥቷል። በዘጠኝ ዓመት ስለሚበልጣት ጋሼ ትለዋለች። ዝም ያለ ሰው ነው፤ ጀርባው ግን ወሬኛ ነው። ድንጋይ ሲያነሳ በኖረው ቀኝ ትከሻው፣ ከትከሻው አጥንት ሥር፣ አንድ ቋጠሮ ይኖራል። ላባ ድመት ትለዋለች። በድንገት ከረገጡት አጥንቱ ሥር ገብቶ ይሸሸጋል፤ ተረከዝን በአጠገቡ አሳርፈው፣ ምንም እንዳልፈለጉ መስለው ሲጠብቁት ግን ቀስ ብሎ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ ነው መያዝ።

«ድመቷ እንዴት ሰነበተች?» ትለዋለች ሸሚዙን ሲያወልቅ።

«ሰሞኑን ትቧጭራለች።»

«አላበላሃትማ።»

ቀልድ ብቻ አልነበረም። ድመቷ ረቡዕ ካልተያዘች ዓርብ ላይ የግንበኛው ክንድ ከትከሻው በላይ አይነሳም፤ ክንዱ ካልተነሳ ግድግዳው ከደረቱ በላይ አያድግም። ይህን ሁለቱም ያውቁታል። ተነጋግረውበት ግን አያውቁም።

የላባ እግር መለወጥ የጀመረው አንድ ዝናባማ ጠዋት ነው። እግሯን ከሳህኑ አውጥታ ወለሉን ስትረግጥ ቆም አለች።

«ወለሉ ላይ ማነው ጨርቅ ያነጠፈው?»

ታናሽ እህቷ አንሶላ ታጥፍ ነበር። ውሃ የምታሞቀው፣ ተራ የምታስይዘው፣ ከደንበኛ ጋር የምትጨቃጨቀው እሷ ናት። «የምን ጨርቅ፣ እትዬ?» አለች።

ላባ ወደ ታች አየች። ባዶ ሲሚንቶ ነው።

በዚያ ሰሞን ውሃ አላረካ ብሏት ነበር። አንድ ጆግ ጨርሳ ሌላ ታስሞላለች። እህቷ «ግመሏ ጠጣች?» እያለች ትቀልድባት ነበር፤ ሽንት ቤት መመላለሷንም በውሃው ብዛት አሳበቡት። ማንም ነገሩን ከእግሯ ጋር አላያያዘውም። እንዴትስ ያያይዘው? ጉሮሮ ሌላ፣ ውስጥ እግር ሌላ። ላባ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እግሯ ጫማ እያጠለቀ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ሐኪም ይጠይቅ ነበር። ላባ ድንጋዩን ጠየቀች።

በጠዋት ብቻ የነበረው መፈግፈግ በምሳ ሰዓትም ሆነ። ጨርቁ ግን ከእግሯ ሥር አልተነሳም፤ እንዲያውም ወፈረ፤ ብርድ ልብስ ሆነ። ሸካራ ድንጋይ ገዛች። እሱም ሲያቅታት አናጢ እንጨት የሚያለሰልስበትን ብርጭቆ ወረቀት አመጣች። አያማትም ነበር። አለማመሙም ለእሷ ማስረጃ ነበር። የሞተ ቆዳ አያምም፤ እንግዲያው ካላመማት ገና ሕያው ቆዳዋ ላይ አልደረሰችም ማለት ነው። እስኪያማት ልትፈገፍግ ወሰነች። አላማትም።

አንድ እሑድ ብቻዋን ሆና በሩን ቆለፈች። ብርድ ልብስ አራት ጊዜ አጠፈች፤ ከሹራቧ አንድ ቁልፍ በጥሳ ከሥሩ ወረወረች፤ ዓይኗን ጨፈነችና ወጣችበት። ግማሽ ሰዓት ፈለገች። እጥፉን ከአራት ወደ ሁለት ቀነሰች። ከሁለት ወደ አንድ ቀነሰች። በመጨረሻ ብርድ ልብሱን ገፍፋ ስታይ ቁልፉ ከግራ እግሯ ሥር ነበር። ቆማበት ነበር።

ለእህቷ አልነገረቻትም። ምን ብላ ትንገራት? የሁለቱም ኑሮ በዚያ ውስጥ እግር ላይ ቆሟል። ይልቅስ ብልሃት ፈጠረች። እግሯ ቢደነቁርም ጆሮዋ አልደነቆረም። ደንበኛ ጀርባ ላይ ስትሄድ ትንፋሽ ማድመጥ ጀመረች። ትክክለኛው ቦታ ላይ ሲደርሱ የሰው ትንፋሽ ለአፍታ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ እንደ ረጅም ደብዳቤ ተዘርግቶ ይወጣል። ትንፋሹ ቀጥ ባለበት ታወርዳለች፤ ካልቆመ ትሄዳለች። አራት ወር እንዲህ ሠራች። አንዲት ልብስ ሰፊ እንዲያውም «ላባ፣ ሰሞኑን ጭራሽ ተሻሽለሻል» ብላት ሄዳለች። ላባ ከዚያች ሴት ጀርባ ላይ የተረዳችው አንድም ነገር አልነበረም።

ከዚያ አንድ ረቡዕ ግንበኛው መጣ። ከሌላው ጊዜ የበለጠ ዝም ብሏል።

«ድመቷስ?»

«ዛሬ ነክሳኛለች» አለና ተኛ።

ላባ ወጣችበት። በወገቡ በኩል ጀምራ፣ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት በሄደችበት መንገድ፣ ወደ ቀኝ ትከሻው አቀናች። መንገዱን የምታውቀው በእግሯ አልነበረም፤ በትዝታዋ ነበር። እዚህ ጋ መሆን አለበት ብላ ቆመች። አዳመጠች። የግንበኛው ትንፋሽ ቀጥ አለ።

አገኘሁት አለች በልቧ። ደስ አላት። ከብዙ ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሯ የሰማ መሰላት፤ በዚያ ደስታ ክንዶቿን ለቀቅ አድርጋ ግማሹን አወረደች።

ትንፋሹ ቀጥ ያለው በሕመም ነበር። የቆመችው ከድመቷ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብላ፣ ጎድኑ ላይ ነበር። ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ዓይነት ድምፅ ጠባቡን ክፍል ሞላው።

ላባ ወዲያው ተንጠለጠለች። «ምንድን ነው እሱ?»

«ቧንቧው ነው» አለ ግንበኛው ፊቱን ከፍራሹ ሳያነሳ። ድምፁ ቀጥኗል። «አሮጌ ቧንቧ ነው። አስጠብቂው።»

ላባ ቀና ብላ ቧንቧውን አየችው። ከሕንፃው ይልቅ አዲስ ነው፤ ከታች ካለው ሱቅ ገዝታ ያሰቀለችው አምና ነው። ግን ሰው ማመን የሚፈልገውን ነገር ሲሰጡት እምቢ አይልም። «አስጠብቃለሁ» አለች። ግንበኛው ሸሚዙን ለብሶ ሲወጣ ደረጃው ላይ ከወትሮው የበለጠ ቆየ። እህቷ «ጋሼ ዛሬ ምን ነካው?» አለች። ላባ እግሯን እየታጠበች ነበርና አልሰማሁም አለች።

በሚቀጥለው ረቡዕ አልመጣም። ከዚያ በሚቀጥለውም አልመጣም። በሦስተኛው ረቡዕ፣ በዚያው በእሱ ሰዓት፣ አንዲት ሴት የፕላስቲክ ከረጢት ይዛ በሩ ላይ ቆመች። አጠር ያለች፣ ፊቷ የተረጋጋ ሴት ናት።

«ላባ የሚሉሽ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ይግቡ።»

«የግንበኛው ሚስት ነኝ።»

ላባ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሳታስበው ነው የተቀመጠችው።

ሚስትየው ቦታውን ዞር ዞር ብላ አየችው፤ ፍራሹን፣ ቧንቧዎቹን፣ ሳህኑን። «ይሄ ነው እንግዲህ በየረቡዑ የሚጠፋበት» አለች። «መምጣት በጀመረ ሰሞን ቅናት ይዞኝ ነበር። የለመዳት ሴት አለች ብዬ።» ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ግን አልቆየም። «ጎድኑ ተሰብሯል። ከመወጣጫ ላይ ወደቅሁ አለኝ። አብረውት የሚሠሩትን ጠየቅኋቸው፤ ያን ቀን መወጣጫ ላይ የወጣ ሰው የለም።»

የላባ እህት አንሶላውን ደረቷ ላይ አጣብቃ ቆመች።

«ልወቅስሽ አልመጣሁም» አለች ሴትየዋ፤ ከከረጢቱ ውስጥ ባሏ ከሸሚዙ ሥር የሚለብሰውን ከነቴራ አወጣችና ዘረጋችው። ከነቴራው ነጭ ነው። ጀርባው ላይ ከወገብ እስከ ትከሻ ቡናማ ነጠብጣብ በሰልፍ ሄዷል፤ እያንዳንዱ ነጠብጣብ የአውራ ጣት ሥር ያህል ነው። «ይሄን ሳጥብ አልለቅ አለኝ። ደም ነው። በአንሶላው ሾልኮ የደረሰ ነው። ባሌን አገላብጬ አየሁት፤ አንድ ጭረት የለበትም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እህቴ፣ ደሙ የአንቺ ነው።»

አንሶላው ላይ የምታየውን ቡናማ ነጥብ የቅባት እድፍ ነው እያለች ስታጥብ የከረመችው እህትየው አንሶላውን ጥላ ተንበረከከች። የላባን ቀኝ እግር አንስታ ጉልበቷ ላይ አሳረፈችና ውስጡን አየች።

«ምን አየሽ?» አለች ላባ።

«እትዬ፣ አያምሽም?»

«አያመኝም።»

«ምንም?»

«ምንም አልኩሽ እኮ። ምን አየሽ?»

እህቷ ያየችው፣ ሌላ ሰው ቢያየው ወዲያው ፊቱን የሚያዞርበት ነገር ነበር። ከአውራ ጣቷ ሥር ያለው ሥጋ ተፈግፍጎ አልቆ፣ ጥልቅና እርጥብ ጉድጓድ ሆኖ፣ ዳር ዳሩ ጠቁሮ ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ደሟን አስመርምሮ ውጤቱን ካየ በኋላ «ስኳር እንዳለብዎ ያውቁ ነበር?» አላት። አላወቀችም። ከዚያ እንደ ዓሣ ማጥመጃ ክር ያለች ቀጭን ነገር አወጣ። «እናቴ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ውስጥ እግርዎን ስነካዎት አዎ ይበሉኝ።»

ላባ ዓይኗን ጨፈነች። የአሮጊቷ ብርድ ልብስ ትዝ አላት፤ ፈተና መሆኑ ገባት። ይህን ፈተና መውደቅ እንደሌለባት ደግሞ ከማንም በላይ ታውቃለች። እናም ጆሮዋን አቆመች። የሐኪሙ ነጭ ካፖርት እጅጌ ሲንኮሻኮሽ «አዎ» አለች። እንደገና ሲንኮሻኮሽ «አዎ» አለች። ግራ እግር፣ ቀኝ እግር፣ አዎ፣ አዎ፣ አዎ። እህቷ ጥግ ላይ ቆማ ይህን እያየች ከንፈሯን ነከሰች።

ከዚያ ሐኪሙ ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝም ላባ ዓይኗን ገለጠች። ሰውየው ክሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል።

«እናቴ» አላት በቀስታ፤ «መጨረሻ ላይ አዎ ሲሉኝ እጄን ኪሴ ስከት ነበር። አልነካሁዎትም።»

ወራት የፈጀውን ሁሉ መተረክ አያስፈልግም። ቁስሉ አጥንት ነክቶ ነበር፤ አውራ ጣቷንና ከሥሩ ያለውን ሥጋ ቆረጡት። እግሩ ተረፈ፤ ሰውም ሁሉ እንኳን ተረፈ አላት። ከሆስፒታል ስትወጣ ሐኪሙ ትእዛዙን ለእህቷም እንዲሰማ አድርጎ ነገራት። ስሜቱ አይመለስም። መድኃኒቱ የቀረውን ለማቆየት እንጂ የሄደውን ለመመለስ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ በባዶ እግር አንድ እርምጃ የለም፤ ቤት ውስጥም ቢሆን፣ ከአልጋ እስከ ሽንት ቤትም ቢሆን፣ የተዘጋ ጫማ። ድንጋይ የሚባል ነገር ወደ እግሯ እንዳይቀርብ።

«መቼ ነው የማወልቀው?» አለችው።

«ሲተኙ» አላት።

አሁን ላባ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች፤ ድሮ ተራ ጠባቂዎች ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ላይ። እግሯ ውስጡ በስፖንጅ በተሞላ ጥቁር ጫማ ታስሯል። ቧንቧዎቹን የምትጨብጠው እህቷ ናት። በአርባ አራት ዓመቷ ነው የጀመረችው። ዕድሜዋን ሙሉ ጫማ ያደረገ፣ ገበያ ለገበያ የሮጠ፣ የተሰነጣጠቀ ተረከዝ አላት። አንድ ቀን ላባ ሳታስበው ወደ ጓዳ ብትገባ እህቷ ጎንበስ ብላ በጥቁሩ ድንጋይ እግሯን ስትፈገፍግ አገኘቻት። ድንጋዩን ነጠቀቻት። ከዚያ መልሳ ሰጠቻት፤ ሌላ ምን ታደርግ?

«እስኪቆስል አትቆዪ» አለቻት። «ሲያምሽ ወዲያው ተዪው። ካላመመሽ ደግሞ ጥሪኝ።»

ግንበኛው ጎድኑ ሲጠገን ተመለሰ። ስለ ቧንቧው ማንም አላነሳም። እንደ ድሮው ረቡዕ መጣ፤ እንደ ድሮው ሸሚዙን አወለቀ። ሲያወልቅ ግን በግራ እጁ ነበር የሚያወልቀው፤ ቀኙ ከደረቱ በላይ አይነሳም። ሥራ ቦታው ላይ ግድግዳ ማቆም ትቶ አሸዋ ይነፋል አሉ።

እህቷ ወጣችበት። ላባ ከተቀመጠችበት ሆና ትመራት ጀመር።

«ወደ ላይ ነይ። አሁን ወደ ቀኝ። ተረከዝሽን አሳርፊና ጠብቂ።»

«ምኑን ልጠብቅ?»

«ይመጣልሻል።»

«ሲመጣ ምን ይመስላል፣ እትዬ?»

ላባ ልትነግራት አፏን ከፈተች። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያየችው ነገር ነው፤ ከራሷ ፊት የበለጠ የምታውቀው ነው። ግን ስሙን የሚያውቀው እግሯ ነበር፤ እግሯ ደግሞ ለምላሷ አንድም ቀን ነግሮት አያውቅም። «እርጥብ ገመድ ነው» አለች። «አይ፣ አይደለም። በከረጢት ያለ እህል... እሱም አይደለም። ዝግ ክፍል ውስጥ ሰው ሲኖር፣ በሩን ሳትከፍቺ ሰው እንዳለ ይታወቅሽ የለ?»

«እ።»

«እንደዚያ ነው።»

እህቷ ቧንቧዎቹን እንደጨበጠች ቆየች። ላቧ በጆሮ ግንዷ ይወርዳል። «እኔ ጀርባ ብቻ ነው የሚታወቀኝ» አለች በመጨረሻ።

«ደርሳበታለች፣ ደርሳበታለች» አለ ግንበኛው ከፍራሹ ላይ። «እዚያው ነው። ጎበዝ።»

ላባ አዳመጠች። የግንበኛው ትንፋሽ ይገባል፣ ይወጣል፣ ይገባል፣ ይወጣል፤ አንዴም ቀጥ አላለም። እንግዳ ቤት ተቀምጦ ያልጣመውን ምግብ ጣፋጭ ነው እያለ የሚበላ ሰው አተነፋፈስ ነበር።

በሚቀጥለውም ረቡዕ እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛውም። በየጊዜው «ጎበዝ» ይላል፤ በየጊዜው እህቷ ፊቷ ትንሽ ይበራል፤ በየጊዜው ክንዱ ከሳምንቱ በፊት ከነበረበት ዝቅ ይላል። በአራተኛው ረቡዕ በግራ እጁ ሸሚዙን እየታገለ ሲለብስ ላባ ከአግዳሚው ላይ ጠራችው።

«ጋሼ።»

«አቤት።»

«ከእንግዲህ አትምጣ።»

ግንበኛው እጅጌውን በግማሽ እንዳጠለቀ ቆመ። እህቷ ከሳህኑ አጠገብ ቀና አለች። «ምን አጠፋሁ?» አለች።

«እየተሻለኝ እኮ ነው» አለ ግንበኛው።

«አልተሻለህም። ድመቷን ማንም አልነካትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጀርባህ ላይ ቆሜ ዋሽተኸኝ አታውቅም፤ አሁን በየረቡዑ እየከፈልክ ትዋሸኛለህ።» ቁጣ አልነበረባትም። ድምፅዋ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። «ሌላ የሚያይህ ሰው ፈልግ። ክንድህ ጨርሶ ሳይደርቅ።»

ግንበኛው አሰበ። እጅጌውን ጨርሶ አጠለቀ፤ ኮሌታውን አስተካከለ። አንዲት ሴት በዚያኛው ሰፈር በእጇ እንደምታሽ ሰምቶ ሞክሯታል፤ እጅ እዚያ ጥልቀት አይደርስም። የሆስፒታሉ ሰው ኪኒን ሰጥቶት ነበር፤ ኪኒኑ አስተኛው እንጂ ክንዱን አላነሳውም። ሌላ ረጋጭ እንዳለች ለማወቅ ያልጠየቀው ሰው የለም። የለችም።

«የት ልሂድ?» አላት።

ጥያቄ ነበር፤ መልስ ጠብቆ ነው የጠየቃት። ላባ አግዳሚው ላይ ትንሽ ፈቀቅ አለችለት፤ እሱም ሌላ የሚሄድበት ስላልነበረው አጠገቧ ተቀመጠ። እህቷ የታጠበውን አንሶላ ፍራሹ ላይ አነጠፈችና ወደ በሩ ወጥታ ደረጃውን አየች። ተራ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም።